የለሚ ኩራ ሕንፃዎችና የኑሮ ልማድ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ የሚገኘው ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆነ። ታሪኩን ለመመርመር ከሰፈሮቹ ስም መጀመር ይበጃል። ሲ.ኤም.ሲ. ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዚያ ቤቶችን ከሠራው የኢጣልያ ግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ ከአያት የሚነሣውን የከተማ ባቡር የዘረጋውም የቻይና ኩባንያ ነው።

ይህን አይቶ ከተማችን የባዕድ ግልባጭ ሆነች የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የጥንት የምንለው የጭቃ ቤት ራሱ ግድግዳው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑም ከባሕር ማዶ የመጣ ቆርቆሮ ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዕቃው ከየት መጣ ሳይሆን ኑሮውን አስተናገደ ወይ የሚለው ነው።

ለዚህም ኮንዶሚኒየም ማስረጃ ይሆናል። አሠራሩ በ1990ዎቹ በገርጂ ሲሞከር የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እጅ ነበረበት። ሆኖም ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ አጠገብ ለእርድ፣ ለማብሰያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲኖር ተደረገ። ይህን የጠየቀው በፎቅ ላይ በግ ማረድ የማይሆንለት ያገራችን ሰው ልማድ ነው።

እንግዲህ ልማድ ከታሰበበት ከባዕድ ሥልት ጋራ አብሮ መኖር ይችላል። የቀረው ጥያቄ የማን ልማድ ታሰበ የሚለው ነው። ቦሌ አራብሳ ትናንት እርሻ ነበረ። ለአዲሱ ነዋሪ የጋራ ቤት ተሠራለት፤ መሬቱን ለለቀቀው ገበሬ ግን ጎተራና በረት የሚቆምበት ፎቅ የለም። የሰፈሩን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህንንም መመዝገብ ይገባዋል።