ሊኬር በኬክ ክሬም

ሊኬር ከአልኮልና ከስኳር ጋር ፍራፍሬ፣ ቅመም፣ ለውዝ ወይም ቡና ገብቶበት የሚዘጋጅ ጣፋጭ መጠጥ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጥ መጠጥ ቢያንስ 15 በመቶ አልኮል፣ በአብዛኛውም በሊትር 100 ግራም ስኳር ሊኖረው ይገባል። ቤት ውስጥ በሚሠራ የኬክ ክሬም ላይ የሚጨመረው ለመዓዛው ነው። አልኮል በውኃ የማይሟሟ የልጣጭና የቅመም ዘይት ስለሚያሟሟ መዓዛውን በክሬሙ ሁሉ ያዳርሳል።

ዓይነቶች
ከብርቱካን ሊኬሮች ኮዋንትሮ በ1875፣ ግራን ማርኒየ በ1880 በፈረንሳይ ተሠሩ። ከሮምና ከቡና የሚቀመመው ካህሉዋ በ1936 በሜክሲኮ፣ ወተት ያለበት ቤይሊስ በ1974 በአየርላንድ ለገበያ ቀረቡ (ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ብርቱካንና ቡና ከቸኮሌት ክሬም ጋር ይስማማሉ።

አሠራር
250 ግራም ለስላሳ የገበታ ቅቤ እስኪነጣ ይመታና 500 ግራም የስኳር ዱቄት ቀስ በቀስ ይገባበታል። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ (30 ሚሊ ሊትር) ሊኬር ጠብ እያደረጉ መምታት ነው። ፈሳሹ ከበዛ ወይም በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ቅቤው ውኃውን መያዝ ያቅተውና ክሬሙ ይቆራረጣል። የአገር ቅቤ፣ በተለይም የተነጠረው፣ የራሱ ጠንካራ ጠረን ስላለው የሊኬሩን መዓዛ ይሸፍናል።

በደጋ
በፈላ የስኳር ሽሮፕ የሚሠራ ክሬም በደጋ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በባሕር ጠለል 115 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የሚወርደው ሽሮፕ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ላሊበላ 107 ዲግሪ አካባቢ መውረድ አለበት። ምክንያቱ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት መፍላቱ ነው። አልኮል ደግሞ ከውኃ ቀድሞ ስለሚተን፣ ሊኬሩ የሚገባው ክሬሙ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የአገር ቤት መጠጦች
በወሎ ደጋ ለበዓል የሚጋገረው ድፎ ዳቦ ነው፤ ክሬም የተቀባ ኬክ በይበልጥ የከተማ የልደትና የሠርግ ልማድ ነው። ለሊኬር ቅርብ የሆነው የአገር መጠጥ ማር የገባበት አረቄ ሲሆን፣ የላስታ ነጭ ማር ለዚህ ይስማማል። ጠጅ ስለማይነጠር ውኃው ይበዛል፤ ክሬሙን ለማጣፈጥ በሚበቃ መጠን ቢጨመር ያቀጥነዋል። አፍልቶ ማወፈርም አልኮሉን አስወጥቶ የጌሾውን ምሬት ያጎላል። አወጣጡ የማይታወቅ አረቄ መርዛማው ሜታኖል ሊኖርበት ስለሚችል አይጨመርም።

ጥንቃቄ
ክሬም ስለማይበስል አልኮሉ አይጠፋም። 40 በመቶ አልኮል ካለው መጠጥ 30 ሚሊ ሊትር ቢገባ 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይኖራል፤ ኬኩ ለ12 ሰው ቢቆረስ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ መጠጥ ለተዉና በሃይማኖታቸው ለማይጠጡ ሰዎች አይቀርብም። ለእነሱ የብርቱካን ልጣጭ ፍቅፋቂ፣ ወፍራም ቡና ወይም የተፈጨ ኮረሪማ ይተካል። የጾም ክሬም ከአትክልት ቅባት ቢሠራም፣ ቤይሊስን የመሰለ ወተት ያለበት ሊኬር ሲገባበት የጾም መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ጋባዥ ኬኩን ከማቅረቡ በፊት ምን እንደገባበት ለእንግዶቹ መንገር ይኖርበታል።