የሐብሐብ ሪፖርት

በፕሮጀክት አመራር ሰዎች ዘንድ «ወተርሜሎን ሪፖርቲንግ» የሚባል አነጋገር አለ። በአማርኛ «የሐብሐብ ሪፖርት» ብንለው ያስኬዳል፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ቀይ። ብዙ ድርጅቶች የሥራቸውን ሁኔታ በትራፊክ መብራት ቀለማት ያሳያሉ፦ አረንጓዴ በዕቅዱ መሠረት ለሚሄድ፣ ቢጫ ለሚያሰጋ፣ ቀይ ለተበላሸ። የሐብሐብ ሪፖርት አለቃ ፊት አረንጓዴ ሆኖ ይቀርባል፤ ሥራው ቦታ ሄደው ሲያዩት ግን ቀይ ነው።

ከሐሰት ሪፖርት ይለያል። እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ሊሆን ይችላል። 200 ሠራተኛ ለማሠልጠን ታቅዶ 200ው ከሠለጠነ አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ነው፤ ደንበኛው መስኮቱ ላይ የሚቆምበት ጊዜ አጠረ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀለሙ የሚለወጠው መንገድ ላይ ነው። የቡድን መሪው ቢጫ ያለውን የክፍል ኃላፊው «እስከ ሰኔ ይስተካከላል» ብሎ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ዳይሬክተሩ ጋ ሲደርስ ያቺ ማብራሪያም ትወጣለች። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አለሳለሰ።

በዚህ ጉዳይ የፎርድን ታሪክ የሚያህል የለም። አለን ሙላሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ከቦይንግ መጥቶ የመኪና አምራቹን አመራር ሲረከብ ኩባንያው በከፍተኛ ኪሳራ ላይ ነበር፤ የዚያ ዓመት ኪሳራ 12.7 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ሙላሊ ኃላፊዎቹን በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት እየሰበሰበ ሥራቸውን በሦስቱ ቀለማት እንዲያሳዩ አዘዘ። ሁሉም አረንጓዴ ይዘው መጡ። ቢሊዮኖች እየጠፉ እንዴት አንድም የተበላሸ ነገር አይኖርም ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠ አልነበረም። በዚያ ቤት ችግር ይዞ መቅረብ ራስን አሳልፎ መስጠት ነበርና።

በመጨረሻ ቀይ ያሳየው የሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ዘርፍ ኃላፊ ማርክ ፊልድስ ነው። ካናዳ ኦክቪል የሚገጣጠመው አዲሱ ፎርድ ኤጅ የኋላ በሩ ላይ ችግር ስለተገኘበት መኪናው ለገበያ እንዳይወጣ አስቁሞ ነበር። ቀዩ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሰውዬው ዛሬ አለቀለት ያሉም ነበሩ። ሙላሊ አጨበጨበ። ቀጥሎም ማን ሊያግዘው እንደሚችል ጠየቀ፤ ባልደረቦቹም ወዲያው መፍትሔ ይዘው ተነሡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቢጫውም ቀዩም ጎረፈ።

ፎርድ የዳነው በዚያ ስብሰባ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። በ2006 መጨረሻ አርማውን ሳይቀር አስይዞ ያሰባሰበው 23.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር ባይኖር፣ በ2009 ጄነራል ሞተርስና ክራይስለር የገቡበት የኪሳራ ሂደት ለእሱም የማይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ገንዘቡን የት ማዋል፣ የትኛውን ፋብሪካ መዝጋት፣ ጃጓርን፣ ላንድ ሮቨርንና ቮልቮን መሸጥ ይበጃል ወይ የሚለው ውሳኔ የሚሠራው የቤቱን ጉድ ለሚያውቅ አመራር ነው። ከአረንጓዴ ሪፖርት የተነሣ ስትራቴጂ የሚነደፈው ለሌለ ኩባንያ ነው።

ወደ እኛ ቢሮዎች ስንመጣ፣ ስትራቴጂ ሲነደፍ ጥድመስ አይቀርም፦ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት። ታዲያ «ድክመት» ሥር የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የመብራት መቆራረጥ ተጽፎ ይገኛል። እነዚህ ከውጭ የመጡ ስጋቶች ናቸው፤ ድክመት ማለት ለምንዛሪው ማመልከቻ በጊዜው አለማቅረብ ወይም ጄኔሬተሩን አለማስጠገን ነው። «ጥንካሬ» ሥር ደግሞ «ቁርጠኛ አመራር» ይላል፤ የጻፈው አመራሩ ራሱ ነው።

ለዕቅድ ስብሰባ ቢሾፍቱ ከመውረድ በፊት ባለፈው ዓመት አረንጓዴ ከተባሉት ሥራዎች ሁለት ሦስቱን መርጦ መክፈት ይቻላል። ሪፖርቱን ያዘጋጀውን ክፍል ሳይሆን ዕቃ ግምጃ ቤቱን፣ የቅሬታ መዝገቡንና መምጣት ያቆመውን ደንበኛ መጠየቅ ነው። ቀድሞ መወሰን ያለበት ግን ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ቀይ ይዞ የሚመጣው ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ምን ይደረጋል?