«መምህር፣ ካሳ ተከፍሏቸዋል?»

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ፈተና አልቆ ውጤት እስኪሞላ ባለችው ክፍተት አልፎ አልፎ ለተማሪዎቼ ፊልም አሳያለሁ። ላፕቶፑ የራሴ፣ ፕሮጀክተሩ የልመና፣ መብራቱ የእግዜር ነው። አንድ ቀን አቫታርን ከፈትኩላቸው። ላላያችሁት፦ ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ፊልም ነው። ፓንዶራ በሚባል ዓለም ናቪ የሚባሉ ሰማያዊ ቆዳ ያላቸው ሕዝቦች ተራራ በሚያህል አንድ ዛፍ ውስጥ ይኖራሉ። ከዛፉ ሥር ውድ ማዕድን አለ። ከምድር የሄደው ኩባንያ ልቀቁ ይላል፣ እነሱ አንለቅም ይላሉ፣ ዛፉ በሚሳይል ይመታል። ዛፉ ሲወድቅ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እንባዋን የምትጠርግም ነበረች። በዚህ መሐል ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ «መምህር፣ ካሳ ተከፍሏቸዋል?» አለኝ።

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የልጁ ቤተሰብ ከየት እንደመጡ ትዝ አለኝ። የግጭ ሰዎች ናቸው።

ለሩቆቹ ልንገራችሁ፤ ግጭ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከጅንባር ፏፏቴ በላይ፣ ጅብራ የሞላበት ሜዳ ያለበት ቦታ ነው። እዚያ ገብስ እያረሰ ከብት እያረባ የሚኖር መንደር ነበር። በ2008 ዓ.ም ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። መንደሩ ዛሬ የለም።

የልጁ ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ አለቀቀኝም። ፊልሞቹንም የኛን ታሪክም እንደገና እንዳይ ያደረገኝ እሱ ነው።

የፊልም ዛፍ ብዙውን ጊዜ ዝም አይልም። በዲዝኒ ስኖው ዋይት (1937) ልጅቷ በጫካ ስትሸሽ ቅርንጫፎቹ እጅ ሆነው ልብሷን ይይዟታል። በፖካሆንታስ (1995) አሮጊት ዛፍ ቁጭ ብላ ትመክራለች። በሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሁለተኛ ፊልም (2002) ደግሞ ዛፎቹ ጫካቸውን የጨፈጨፈባቸውን ጠንቋይ በእግራቸው ሄደው ግቢውን ያፈርሱበታል። (ይቺን ክፍል ተማሪዎቼ ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል።) ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ዝም የሚለው ዛፍ ነው። የጃፓኑ ሃያኦ ሚያዛኪ በ1988 በሠራው የቶቶሮ አኒሜሽን ውስጥ አንድ ትልቅ ካምፎር ዛፍ አለ። ግንዱ ላይ ገመድ ታስሯል፤ በነሱ ባህል መንፈስ ያደረበት ነው ማለት ነው። አባትየው ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ሄዶ፣ ዛፉ ፊት ቆሞ፣ ልጄን ስለጠበቅክልኝ አመሰግናለሁ ብሎ እጅ ይነሳል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ዛፉ አይመልስለትም።

እኔ ይህን ሳይ ያየሁት ጃፓንን አይደለም። ያየሁት ግንቦት 1ን ነው። ዳባት አካባቢ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለልደታ እናቶቻችን ንፍሮውን፣ ዳቦውን፣ ቡናውን ይዘው አድባሩ ሥር ይወጣሉ። ግንዱ ቅቤ ይቀባል። ያንን ዛፍ እንኳን በመጥረቢያ፣ በእጅ ቅጠሉን የቀነጠበ ልጅ ወዮለት! በነገራችን ላይ «አድባር» በግእዝ «ተራሮች» ማለት ነው፤ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር። ተራራውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዛፉ ላይ ያለው ጠባቂም በአንድ ቃል ተጠቅልለዋል። ቀሳውስቱ አድባር የሚባለውን ነገር አይወዱትም፣ ልክ ናቸው አይደሉም የሚለውን ለነሱ እተወዋለሁ። ግን የነሱም ቅጥር ግቢ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ የተከበበ ነው፤ ዛፉን የደብሩ ልብስ ይሉታል። ከሩቅ እርሻ ብቻ በሆነ ሜዳ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ካያችሁ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚህ ደኖች ጥናት ነው። ከአሜሪካዊቷ የሥነ ምሕዳር ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠሩ አግዘዋል። ከብት እንዳይገባ፣ እርሻ እንዳይገፋ ነው ካቡ። ድንጋዩም የመጣው እዚያው ካለው ማሳ ነው።

ልብ በሉ፤ የኛ ዛፍ አይናገርም፣ በእግሩ ሄዶ ግንብ አያፈርስም። የቆመው ሰው ስላለው ነው። ከሥሩ ንፍሮ የሚበላ፣ ልጁን የሚያስጠምቅ፣ ሞቶ የሚቀበርበት ሰው ስላለ ነው። ሰው የሌለው አድባር የለም። (ባሕር ዛፍን እዚህ አላስገባሁትም። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ቤታችንን የሠራው፣ ምጣዳችንን የሚያሞቀው እሱ ነው፤ ግን ባሕር ዛፍ ቅቤ የቀባ ሰው እስካሁን አላየሁም።)

አሁን ወደ ስሜን እንመለስ። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ በኋላ ወደ 412 ሰፋ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። እነ የሎውስቶንና ጋላፓጎስ የተመዘገቡበት መዝገብ እኮ ነው! ግን ሲመዘገብ ውስጡ ሰው ነበረ። ያርሳል፣ አስታ ይቆርጣል፣ ከብት ያሰማራል። ከዚያ ወዲህ የፓርኩ ታሪክ በአብዛኛው «ይህን ሰው ምን እናድርገው?» የሚል ታሪክ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2017፣ ግጭ በተነሳ በዓመቱ፣ ከመዝገቡ ወጣ። የወጣበት ምክንያት ግጭ ብቻ አልነበረም፤ ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ አማራጭ ተሠርቶለታል፣ ልቅ ግጦሽን ለመቀነስም እቅድ ወጥቷል። ቢሆንም ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ናቸው።

የታሪክ መምህር ስለሆንኩ አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። «ኢትዮጵያ ድሮ 40 በመቶዋ ደን ነበር፣ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ» የምትባለዋን ነገር ስንቴ ሰሌዳ ላይ ጽፌያታለሁ መሰላችሁ! ጄምስ ማካን የሚባል የታሪክ ተመራማሪ በ1997 ይህን ቁጥር ወደ ኋላ ተከትሎ ሄዶ የሚጨበጥ መሠረት እንደሌለው ጻፈ። ፈረንሳዊው ጊዮም ብላን ደግሞ በ2020 ባወጣው መጽሐፍ ስለ ስሜን ብዙ ጽፏል። ነጮቹ አፍሪካን ሰው ያልነካት ገነት አድርገው ስላሰቧት፣ ገነቷ ውስጥ ገበሬ ሲያዩ አጥፊ ብቻ ሆኖ ታያቸው ነው የሚለው። በአውሮፓ ግን ገበሬው ተራራው ላይ ከነከብቱ እየኖረ ቅርስ ይባላል። ይህ ክርክሩ አሳምኖኛል።

ሙሉ ለሙሉ ግን አልስማማም። እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ገደሉን እያረስን አፈሩን ወደ ተከዜ እንደሸኘነው በዓይናችን አይተናል። በ1970ዎቹ የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ሃንስ ሁርኒ ያጠናውም ይህንኑ የአፈር መታጠብ ነው። ገበሬው ናቪ አይደለም። ኩባንያውም አይደለም።

አቫታር ለኛ የማይበቃው እዚህ ጋ ነው። እዚያ ዛፉና ሕዝቡ በአንድ ወገን፣ ማሽኑ በሌላ ወገን ናቸው። በስሜን ደግሞ ሰውን ያስነሳው ሚሳይል የያዘ ኩባንያ ሳይሆን ዛፉንና ዋልያውን የወደደ ወገን ነው። የልጁ ጥያቄ ያስደነገጠኝ ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ክላይቭ ኒኮል ይባላል፣ የዌልስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 በስሜን የመጀመሪያው የፓርክ ዋርደን ነበር። ገና ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ። ደን የሚመነጥረውን ሲያባርር፣ ሲጣላ፣ ሲናደድ ከርሞ ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ ታሪኩን በ1971 በመጽሐፍ አወጣው። ከዚያ ጃፓን ገባ። ናጋኖ በሚባል ተራራማ ክፍለ ሀገር የተጎሳቆለ ጫካ ጥቂት በጥቂት እየገዛ ሊያድነው ተነሳ። ጫካውን አፋን ብሎ ሰየመው፤ አፋን በአገሩ የከሰል ማዕድን ያራቆተው፣ በኋላ ሰው መልሶ በዛፍ ያለበሰው ሸለቆ ነው። በ1995 ጃፓናዊ ዜግነት ወሰደ፣ በ2020 እዚያው አረፈ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፦ የናጋኖው ጫካ የታመመው ሰው ስለበዛበት አልነበረም። ሰው ስለተወው ነው። ጥቅጥቅ ብሎ ብርሃን አጥቶ ነበር። የዳነው ሰው ገብቶ እየመነጠረ፣ እየመረጠ፣ እየተከለ ነው። ስሜን ላይ ሰውን ከዛፍ ሲያርቅ የነበረ ዋርደን፣ እርጅናውን ሰውን ወደ ዛፍ ሲመልስ ጨረሰ።

በዚያው አገር በ1997 ሚያዛኪ ፕሪንሰስ ሞኖኖኬን አወጣ። ጫካው አምላክ አለው፣ የሚከላከሉለት ተኩላዎች አሉት። ጫካውን የምትቆርጠው ደግሞ የብረት ማቅለጫ ከተማ የመሠረተች ሴት ናት፤ ግን ይህችው ሴት ከሴተኛ አዳሪነት ያወጣቻቸውን ሴቶች ሥራ ሰጥታለች፣ ሰው የሸሻቸውን በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ቁስል በእጇ ታጥባለች። ማንን ትጠሉ? እኔ አልቻልኩም።

በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም ስሜን ሲቃጠል እኔም ከወጡት አንዱ ነበርኩ። ቆይቶ ሄሊኮፕተር መጥቷል፣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች መጥተዋል። ከዚያ በፊት ግን የወጣው የደባርቅና የዙሪያው ገበሬ፣ ተማሪ፣ ወጣት ነው፤ መሣሪያችን ቅጠልና አፈር ነበር። ጓሳው ሲነድ ድምፁ ዝናብ ይመስላል። ጅብራዎቹ በጭሱ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። «እንደ ጅብራ ተገትሮ» ብለን የምንሳደበው ስድብ ያን ቀን ክብር መሰለኝ፤ ጅብራ ስንት ዓመት ቆይቶ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። አጠገቤ ቅርንጫፍ ይዞ እሳቱን ሲመታ የነበረው ሰውዬ አቋራጩን ሁሉ ያውቀዋል። «እንዴት አወቅከው?» አልኩት። «ቤቴ እኮ እዚህ ነበር» አለኝና ወደ እሳቱ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት ሞኖኖኬን አሳየኋቸው። ልጁ በዚያው ወንበር ተቀምጧል። መጨረሻው ላይ የጫካው አምላክ ይሞታል፣ ተራራው መልሶ ይለመልማል፣ ልጅቷ ጫካ ትቀራለች፣ ጎረምሳው የብረቷን ከተማ ሊያቀና ይቀራል፣ ሊጠይቃት እየመጣ። መብራት ስናበራ፣

«መምህር፣ የከተማዋ ሰዎች እዚያው ቀሩ አይደል?» አለኝ።

«ቀሩ» አልኩት።

ጭንቅላቱን ነቀነቀና ደብተሩን ይዞ ወጣ።

የዳባት፣ የደባርቅ፣ የጃናሞራ ልጆች፦ በየሰፈራችሁ የቀሩትን አድባር ዛፎች ፎቶ ከነስማቸውና ከነታሪካቸው በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ለዘጠነኛ ክፍል የአካባቢ ታሪክ ላስተምርበት ነው። የተቆረጡትንም ጻፉልኝ፤ ማን እንደቆረጠው ሳይሆን፣ ከሥሩ ማን ይቀመጥ እንደነበር።