የታደሰው ጌምና በሬዲዮ የተነበበው ልቦለድ፦ የ«ክሮኖ ትሪገር» የኮምፒውተር ዕትም አቀባበል ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

የጃፓኑ ስኩዌር ኤኒክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2018 (የካቲት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.) «ክሮኖ ትሪገር» የተባለውን ዝነኛ ጌሙን ለኮምፒውተር ተጫዋቾች አቀረበ። አስቀድሞ የተነገረ ነገር አልነበረም፤ ጌሙ በድንገት «ስቲም» በተባለው የኢንተርኔት መደብር ላይ ተገኘ። ከተወለደ 23 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ከምንጊዜም ምርጥ ጌሞች ተርታ መሰለፉን የሚጠራጠር ስለማይገኝ የሚጠበቀው እልልታ ነበር። የመጣው ግን ቁጣ ነው። ለዓመታት «ለኮምፒውተር ይሠራልን» ሲሉ የኖሩት ተጫዋቾች ገዝተው ከከፈቱት በኋላ አብዛኞቹ «አትግዙ» የሚል ፍርድ ጻፉ።

ይህ መጣጥፍ የሚጠይቀው ቁጣው ከምን እንደመጣ ነው። ታሪኩ አልተነካም፤ ሙዚቃውም የውጊያው ሥርዓትም እንደነበሩ ናቸው። ለንጽጽር የማነሣው ጉዳይ ከጌም ዓለም የወጣ ሲሆን ለጎጃም አንባቢ ግን የቅርብ ነው፤ እርሱም የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ወደ ሬዲዮ ሲሻገር ያገኘው አቀባበል ነው። ሁለቱም የታወቁ ረጃጅም የፈጠራ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከተፈጠሩበት መሣሪያ ወደ ሌላ ተዛውረዋል። አንዱ ተወቀሰ፣ ሌላው ተወደደ። ልዩነቱን በሥራዎቹ ጥራት ማስረዳት አይቻልም።

ጌሙን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስተዋውቅ። «ክሮኖ ትሪገር» እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1995 በጃፓን ለሱፐር ፋሚኮም መጫወቻ ወጣ። ሦስት ስመ ጥር ሰዎች ተባብረውበታል፤ የ«ፋይናል ፋንታሲ» አባት ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ የ«ድራጎን ክዌስት» ደራሲ ዩጂ ሆሪና የ«ድራጎን ቦል» ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ። ሙዚቃውን በአብዛኛው የደረሰው በዚያ ጊዜ ገና ወጣት የነበረው ያሱኖሪ ሚትሱዳ ነው። ተጫዋቹ ክሮኖ የተባለውን ልጅና ጓደኞቹን እየመራ ከ65 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረው የዳይኖሰር ዘመን እስከ እ.ኤ.አ. 2300 ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለምን የሚያጠፋ ፍጡር ከምድር ሆድ እንደሚወጣ አይቷል። ባለፈው ዘመን የሠራው ሥራ በሚመጣው ዘመን ፍሬውን ያሳያል። ፍጻሜውም አንድ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹ የመጨረሻውን ጠላት በገጠመበት ጊዜ ይለያያል። ይህ ሁሉ የታጨቀው በ32 ሜጋቢት ካሴት ውስጥ ነው፤ ዛሬ በስልክ ከምናነሣው አንድ ፎቶ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ማለት ነው።

የ2018ቱ ዳግም ዕትም የመጀመሪያው አልነበረም። በ1999 ለፕሌይስቴሽን ሲወጣ ሲዲው እስኪነበብ መጠበቁ ተጫዋቹን አሰልችቷል። በ2008 ለኒንቴንዶ ዲኤስ የወጣው አዲስ ትርጉምና ተጨማሪ ክፍሎች ይዞ ስለመጣ ጥሩ አቀባበል አገኘ። በ2011 ደግሞ ወደ ሞባይል ገባ። የኮምፒውተሩ ዕትም የተቀዳው ከዚህ ከሞባይሉ ነው፤ የጠቡም ሥር እዚህ ላይ ነው።

ተጫዋቾቹ የጻፉት ቅሬታ ሲነበብ ደጋግሞ የሚመጣው ጉዳይ ጥቂት ነው። የገጸ ባሕርያቱ ሥዕል በማለስለሻ ተዳሶ ጠርዙ ሟሙቷል። መልክዓ ምድሩ የተሠራባቸው ትናንሽ አራት ማዕዘኖች መጋጠሚያቸው አፍጥጦ ይታያል። ፊደሉ ከቢሮ ደብዳቤ የተወሰደ የሚመስል ተራ ፎንት ሆኗል። የውጊያው ምርጫዎች በጣት ለመንካት እንዲመቹ የተሠሩ ትላልቅ ቁልፎች በመሆናቸው በኪቦርድ ወይም በጆይስቲክ ለሚጫወት ሰው ባዕድ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጌሙን ከመጨረስ የሚያግድ አንድም የለም። ሁሉም የሚነኩት ዓይንንና እጅን ነው።

ይህን «ጥቃቅን ነገር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ አልስማማም። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ሃንስ ሮበርት ያውስ እ.ኤ.አ. በ1967 በኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ንግግር እንዳስረዳው፣ አንባቢ ወደ አንድ ሥራ ሲመጣ ቀደም ሲል ካነበበው የቀዳው የጥበቃ አድማስ ይዞ ነው የሚመጣው። የዳግም ዕትም ተቀባይ ደግሞ አድማሱ ከሌላው ይጠብባል፤ ካነበባቸው ሥራዎች ሁሉ ሳይሆን ከዚያው ከአንዱ ሥራ ነውና የቀዳው። ስለዚህ ፍርዱ በሥራው ውስጥ ባለው ሁሉ ላይ እኩል አያርፍም። «ይህ ከተነካ ሥራው ራሱ ተነካ» ብሎ በሚያምንበት ክፍል ላይ ብቻ ያርፋል። ለ«ክሮኖ ትሪገር» ተጫዋች ያ ክፍል ፒክሰሉ፣ ማለትም ሥዕሉ የተሠራበት ነጥብ ነው።

የሚገርመው ግን ያ ፒክሰል ራሱ ነው። ሱፐር ፋሚኮም የሚያወጣው ሥዕል በአግድም 256፣ በቁመት 224 ነጥብ ያህል ነበር። በ1995 ይህን ሥዕል ያየ ልጅ ያየው ባለ ትልቅ መስታወት በሆነው በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥኑም ነጥቦቹን እርስ በርስ እያዋሐደ ያለሰልሳቸው ነበር። ሠዓሊዎቹም ይህን እያወቁ ነው የሣሉት። ዛሬ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ የሚታየውን ባለ ማዕዘን ነጥብ በዚያ ጊዜ ያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። እንግዲያው ተጫዋቾቹ «ዋናውን መልሱልን» ሲሉ የጠየቁት በ1995 የነበረውን መልክ አልነበረም። የጠየቁት ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተር አስመሳይ ፕሮግራሞችና በፎቶዎች አማካይነት የተሠራውን የዋናውን ትዝታ ነው። ይህን ስል ልሳለቅባቸው አይደለም። የኩባንያው ማለስለሻ የቴሌቪዥኑን ልስላሴ አልመለሰም፤ ሌላ ዓይነት ልስላሴ አመጣ፤ ስለዚህ ከትዝታውም ከታሪኩም ሳይስማማ ቀረ።

ኩባንያው ሰማ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ እስከ ኦገስት ድረስ አምስት ዋና ዋና ማሻሻያዎች ወጡ። የመጀመሪያው የቀድሞውን የሥዕል አቀራረብ በምርጫ መለሰ፤ የተከታዮቹ ዋና ሥራ ደግሞ የውጊያውንና የምርጫ ሰሌዳውን ገጽታ ለኪቦርድና ለጆይስቲክ እንዲስማማ አድርጎ መሥራት ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ማለቂያ ላይ የተጫዋቾቹ ፍርድ ወደ በጎ ዞሯል። የተለሰለሰው ሥዕል እንዳልተሰረዘም ልብ ይሏል፤ ለሚፈልገው ተትቶለታል። ቁጣውን ያበረደው ምርጫው ነው።

ትምህርቱ ግን ቶሎ አልጸናም። ያው ኩባንያ ቀድሞም በ2015 «ፋይናል ፋንታሲ 6»ን ከሞባይል ገልብጦ ለኮምፒውተር ሲያወጣ በተመሳሳይ ምክንያት ተወቅሶ ነበር። ከ2021 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ስድስት «ፋይናል ፋንታሲ»ዎች በአዲስ ፒክሰል አሣሥሎ ሲያወጣ ሥዕሉ ተመሰገነ፤ ፎንቱ ግን እንደገና አስቆጣ። ተጫዋቾቹ ፋይሉን ከፍተው ፎንቱን በራሳቸው እጅ ቀየሩት። በ2023 ለፕሌይስቴሽንና ለኒንቴንዶ ስዊች ሲወጡ ፎንቱንም፣ ሙዚቃውንም በአሮጌውና በአዲሱ መካከል መምረጥ ተቻለ። አንድ ነገር ለመማር ስምንት ዓመት ፈጅቷል።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የተከታተሉ ሰው ናቸው። ከልቦለዱ ገጸ ባሕርያት በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳም፣ ሰብለ ወንጌል የምትኖርባት ዲማም በካርታ ላይ ያሉ የጎጃም አገሮች ናቸው። በደርግ ዘመን የብሔራዊ ቴአትሩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ አነበበው። የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የጉዱ ካሣን ምሬት፣ የበዛብህን ዓይን አፋርነት በአንድ ጉሮሮ ለያይቶ አሰማ።

ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የተደረገው ለውጥ በዚህ በኩል እጅግ የሰፋ ነው። ጌሙ ከስክሪን ወደ ስክሪን ነው የሄደው። ልቦለዱ ግን ከዓይን ወደ ጆሮ ተሻገረ፤ ገጹ ጠፋ፣ አንባቢው ቆም ብሎ ወደ ኋላ የመመለስ ነጻነቱን አጣ፣ ደራሲው ያልጻፉት የድምፅ ቃና ተጨመረበት። እንዲያም ሆኖ «ዋናውን አበላሸው» የሚል ክስ አልበረታም። ድምፁ እንዲያውም የመጽሐፉ ሁለተኛ ደራሲ እስኪመስል ድረስ ገነነ።

ለዚህ ሁለት ምክንያት አያለሁ። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ከሰሚው ብዙው መጽሐፉን ቀድሞ አላነበበውም። ማንበብ የማይችለው ገበሬም፣ መጽሐፉ ያልደረሰው የገጠር ተማሪም ከበዛብህ ጋር የተዋወቁት በሬዲዮ ነው። የሚጠብቁት የቆየ መልክ ስላልነበረ የሚከፉበትም አልነበረም።

ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ሲሆን በጎጃም የትምህርት ልማድ ይብራራል። በዚህ አገር ጽሑፍ ከጥንት ጀምሮ የሚሰማ ነገር ነው። ተአምረ ማርያም ይነበባል፣ ገድል ይነበባል፤ ምእመኑ ቆሞ ይሰማል። አንባቢው ቢለዋወጥ ማንም አይቆጣም፤ ቃሉ ቢዛነፍ ግን ይታረማል። የዜማ ተማሪም ምልክቱን አንድ በአንድ ጠብቆ ነው የሚቀበለው። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ሕግ አለ፤ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነው፣ የሰው ቅኔ ማቅረብ ደግሞ ስርቆት ነው። በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ አንዱ ጉባኤ ሳይለወጥ መተላለፍን፣ ሌላው በየዕለቱ መታደስን ይጠይቃል። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ሰሚ ከአንድ ሥራ ውስጥ የትኛው መጠበቅ እንዳለበት፣ የትኛው ቢታደስ እንደማይጎዳ መለየት የለመደ ነው። በወጋየሁ ንባብ የደራሲው ቃል ተጠብቋል፤ የታደሰው ድምፁ ነው። በ«ክሮኖ ትሪገር» የተጠበቀው ቃሉ ሲሆን የተለወጠው መልኩ ነው፤ የጌም ተጫዋች ደግሞ መልክን እንደ ቃል የሚጠብቅ ተቀባይ ነው። ሁለቱ ፍርዶች የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ ሕጋቸው አንድ ነው።

ይህን የሚያጠናክር ተጨማሪ ነገር አለ። ዛሬ የወጋየሁ ንባብ በዩቲዩብና በቴሌግራም እየተቀባበለ ይሰማል፤ አንባቢው ግን በ1982 ዓ.ም. አርፏል። ድምፁ አሁን ራሱ «ዋናው» ሆኗል። ነገ ሌላ ተዋናይ፣ ምንም ያህል ቢካን፣ ልቦለዱን በጠራ ስቱዲዮ ቢያነብ የሚመዘነው በመጽሐፉ ሳይሆን በወጋየሁ ነው። የሬዲዮውን የጀርባ ጫጫታ ያጠራ ሰው እንኳ «ወዙን አጠፋኸው» መባሉ የሚቀር አይመስለኝም። ያን ጊዜ የእኛም ሰሚ ስለ ፒክሰል እንደሚሟገተው ተጫዋች ይሆናል።

አንድ የጥናት ስልት ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በስቲም ላይ የሰፈረውን የተጫዋች ፍርድ እንደ ማስረጃ የሚጠቀም ተመራማሪ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በማርች 2018 የተጻፈው ወቀሳ ዛሬም ይነበባል፤ የተወቀሰው ዕትም ግን መደብሩ ላይ የለም፤ ማሻሻያው በላዩ ላይ ተጭኖ አጥፍቶታል። በብራና መጽሐፍ ላይ የታረመ ስሕተት በፍቀቱ ወይም በኅዳጉ ስለሚታወቅ ፊትና ኋላውን ማስተያየት ይቻላል። በጌም ግን ትችቱ ቀርቶ የተተቸው ይሄዳል። ቀኑን ሳያመሳክር የጠቀሰ ሰው በሌለ ነገር ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው የሚጠቅሰው።

የደብረ ማርቆስ ተጫዋችስ? እርሱ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው፤ ምክንያቱ ግን ግድ የለሽነት አይደለም። በከተማው ፕሌይስቴሽን ቤቶች በሰዓት ወይም በጨዋታ እየተከፈለ የሚጫወቱት በአብዛኛው የእግር ኳስ ጌም ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ጓደኛ ባለበት ቤት ብዙ አሥር ሰዓታት የሚፈጅ በእንግሊዝኛ የሚነበብ ታሪክ ቦታ የለውም። ላፕቶፕ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢፈልግ እንኳ ስቲም ላይ ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ጌም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በፍላሽ የሚዞር ጌም ደግሞ ማሻሻያ አይደርሰውም። የተቀዳበት ቀን መልኩ ይዞት ይቀራል፤ በ2018 መጀመሪያ የተቀዳ ኮፒ ያገኘ ልጅ ከስድስት ወር በኋላ በሌላው ዓለም የታረመውን ጉድለት ዛሬም ይጫወተዋል። ስለ ፎንቱ ግን የሚከፋ አይመስለኝም፤ የሚያነጻጽርበት የልጅነት ትዝታ የለውምና። የሬዲዮው ሰሚ በበዛብህ ፊት የነበረበት ቦታ ላይ ነው ያለው።

እንግዲህ የጌሙ ጉዳይ ለእኛ የሚጠቅመን በዚህ ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ሌሎች የአማርኛ ሥራዎችም ከዛሬ ነገ በስልክና በኮምፒውተር በይፋ መታተማቸው አይቀርም። ተቋሙም፣ የመብቱ ባለቤቶችም፣ አሳታሚዎችም ይህን ሲያደርጉ የ1958ቱን ዕትም የገጽ ቁጥርና ሥርዓተ ጽሕፈት ከአዲሱ አቀራረብ ጎን እንዲያስቀምጡ፣ የሬዲዮውን ቅጂም ሳይነካካ፣ ከነጫጫታው፣ ከተጣራው ጋር በምርጫ እንዲያቀርቡ፣ እያንዳንዱ ማስተካከያም ቀኑ ተመዝግቦ ለተመራማሪ እንዲቆይ እጠይቃለሁ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ሥራውም መጀመር ያለበት ቅጂዎቹን የያዙ አሮጌ ቴፖች ሳይበላሹ ነው።