ከአበባው ጀርባ ያለው ጭራ

አብነት ሰፈር ተቀምጬ ከቦንጋና ከመቱ የሚላክልኝን የዱር አበባ ፎቶ ስመለከት ዓመታት አለፉ። ላኪዎቹ ባዮሎጂ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። «ቲቸር፣ ይቺ ኦርኪድ ማን ትባላለች?» ይሉኛል። ፎቶው ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የተነሳ ነው፤ ዛፍ ላይ የበቀለች፣ ኮከብ የመሰለች ነጭ አበባ። ኤራንጊስ መሆኗ በዚያ ይገመታል። የትኛዋ ኤራንጊስ ናት ለሚለው ግን ጀርባዋን ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩ ብዙ ሰው አድክሟል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ካርቲን ዲሎንና አንቷን ፔቲ የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ለፌቭር ከመራው ጉዞ ጋር ሰሜን ኢትዮጵያ ገብተው ዕፅዋት ሰበሰቡ። ሁለቱም ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ዲሎን በትኩሳት ሞተ፤ ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ያደረቋቸው ዕፅዋት ግን ፓሪስ ደረሱ። አሺል ሪሻር እነዚህን መርምሮ ከ1847 እስከ 1851 የአቢሲኒያን ዕፅዋት መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የምንላትን አበባ የመደባት ከዴንድሮቢየም ጋር ነበር፤ ዴንድሮቢየም ደግሞ የእስያና የአውስትራሊያ ወገን እንጂ የአፍሪካ አይደለም። እኔ ሪሻርን አልወቅሰውም። ኦርኪድ ተጨፍልቆ ሲደርቅ መልኩም አቋሙም ይጠፋል፤ እሱ ደግሞ ዛፉን አላየ፣ ሽታውን አላሸተተ።

እናንተ ግን ዛፉ ላይ ያለችውን አበባ በጎን ብታዩአት ከከንፈሯ ሥር ቀጭን ጭራ ወደ ታች ተንጠልጥላ ታገኛላችሁ። ውስጧ ክፍት ነው፤ የአበባው ማር ጫፏ ላይ ይጠራቀማል። ሽታዋ የሚበረታው ሲመሽ ነው፤ የሚጎበኛትም ምላሰ ረጅም የእሳት እራት ነው። የጭራዋ ርዝመት ማን እንደሚያዳቅላት ስለሚወስን ለመለያነት የታመነ ነው። የብራኪካርፓ ከ12 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የጎረቤታችን የኬንያዋ ኮንፉዛ ከ4 እስከ 6 ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ጆይስ ስቲዋርት ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ብላ እስክትሰይማት እስከ 1979 ድረስ በብራኪካርፓ ስም ስትጠራ ኖራለች። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የምትገኘው የቶምሶኒ ጉዳይ ግን ይለያል፤ ጭራዋ ከብራኪካርፓ ብዙም ስለማይርቅ ግንዷን ማየት ግድ ነው። የቶምሶኒ ግንድ እስከ አንድ ሜትር ይረዝማል፣ ቅጠሎቿም እንደ ቀበቶ ቀጥ ያሉ ናቸው። ብራኪካርፓ አጭር ግንድ አላት፤ ቅጠሏ ወደ ጫፉ ይሰፋል።

ይህን ሁሉ እዚሁ አገር ሆኖ ማመሳከር የተቻለው አራት ኪሎ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) በመኖሩ ነው። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሥራ ኦርኪዶችን በ1997 በስድስተኛው ቅጽ አወጣ። በ2004 ደግሞ ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን የኢትዮጵያ ኦርኪዶችን የመስክ መምሪያ አሳተሙ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ መጽሐፍ ነው፤ ፓሪስና ለንደን የተቀመጠውን ዕውቀት ደን ውስጥ ለሚቆመው ሰው አቀረበለት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በአሮጌ ዛፍ ላይ ነጭ ኮከብ ስታገኙ አትንቀሏት። በጎኗ አንሷት፤ ከጭራዋ አጠገብ ማስመሪያ ያዙ። ግንዷንና ቅጠሏን ጨምሩ፤ የቦታውንም ስም ጽፋችሁ ላኩልኝ።