ከቦንቪል ሰልባቲዮ በታች

ባለፈው ዓመት በርሚንግሃም የገዛሁት ሞተር ሳይክል ትራያምፍ ቦንቪል ቲ100 ይባላል። ሁለት ፒስተን ጎን ለጎን የሚሠሩበት 900 ሲሲ ሞተር፣ ክብ የፊት መብራት፣ ባለ ሽቦ ቸርኬ፣ ግራና ቀኙ ላይ የጉልበት ማሳረፊያ ጎማ የተለጠፈበት ሰልባቲዮ አለው። ከሩቅ ላየው ሰው በ1960ዎቹ የወጣ ይመስላል፤ እንዲመስል ተብሎም ነው የተሠራው። ነዳጅ ማደያ ሳቆመው ጸጉሩ የሸበተ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ የስንት ዓመት እንደሆነ ይጠይቀኛል። አዲስ ነው ስለው አንዳንዱ ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ የተታለለ ያህል ፊቱን አጥቁሮ ይሄዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ሁለተኛው ሰው ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነዋ። በከፈልኩት ገንዘብ ዕድሜ የጠገበ እውነተኛ ቦንቪል ማግኘት ይቻል ነበር። አሮጌ መስሎ የተሠራ አዲስ ዕቃ መግዛት ታዲያ ምን ይባላል? መልሱ ያለው በፋብሪካው ታሪክ ውስጥ ስለሆነ እሱኑ ልናገር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፋብሪካው በፊት ግን ከቤቴ ልጀምር። አባቴ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ነበረው። ከመፍቻ ሳጥኑ በላይ ከእንግሊዝ መጽሔት የተቀደደ የቦንቪል ፎቶ ለጥፎ ነበር፤ ጠርዙ ዘይት ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። ሞተሩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ነገር ግን ሥራ ለመልመድ የመጣ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚወስደው ከዚያ ፎቶ ነው። አባቴ ጣቱን እያሳረፈ ይሄ ቴስታታ፣ ይሄ ካርቡራተር፣ ይሄ ማርሚታ እያለ ያሳያል። መኪና ቦኔቱ ካልተከፈተ ምኑም አይታይም፤ የዚያ ሞተር ግን ሁሉ ነገሩ ውጭ ነው፤ ነዳጁ በየት ገብቶ፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ልጅ እንኳ በዓይኑ ሊከተለው ይችላል። እኔ የወደድኩት ይህን ግልጽነት ነው። ትዝታዬም የሚጀምረው ከዚያ ፎቶ ነው።

ትራያምፍን የመሠረተው ከኑረምበርግ የመጣ ጀርመናዊ ስደተኛ ነው፤ ሲግፍሪድ ቤትማን ይባላል። መጀመሪያ ብስክሌት ይሸጥ ነበር። ኮቨንትሪ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተክሎ በ1902 የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል አወጣ፤ በኋላም የከተማዋ ከንቲባ እስከመሆን ደርሷል። የዛሬው ቦንቪል መልክ የተጀመረው ግን በ1937 ነው፤ ኤድዋርድ ተርነር የተባለው መሐንዲስ ስፒድ ትዊን የተባለውን ሞተር ሲያወጣ። በዚያ ዘመን የተለመደው ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ነበር። ተርነር ሁለት ትንንሽ ፒስተኖችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ አብረው እንዲወጡና አብረው እንዲወርዱ አደረጋቸው። እሳቱ ግን በየተራ ነው፤ ኮሎው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንደኛው ይተኩሳል። በዚህ ምክንያት ድምፁ እኩል የሚመታ፣ ኃይሉም የተስተካከለ ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተሩ ጠባብና ቀላል ስለነበር ለባለ አንድ ፒስተን በተሠራ ቴላዮ ላይ ይገጥም ነበር። ሌሎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ይህንን ለመቅዳት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ኮቨንትሪን ደበደቡ። የትራያምፍም ፋብሪካ ከከተማዋ ጋር ወደመ። አዲሱ ፋብሪካ በ1942 ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ ሜሪደን በምትባል መንደር ተሠራ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ዶላር አጥብቃ ትፈልግ ስለነበር ከሜሪደን የሚወጣው ሞተር በብዛት ወደ አሜሪካ ተጫነ። አሜሪካኖቹ ደግሞ የበለጠ ጉልበት ጠየቁ። ሞተሩ ወደ 650 ሲሲ አደገ። በ1956 ጆኒ አለን የተባለ የቴክሳስ ሰው በዚሁ 650 ሞተር የሚገፋ፣ ሲጋራ የመሰለ ረጅም መኪና መሳይ ነገር ውስጥ ተኝቶ ዩታ ግዛት በሚገኘው የቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 214 ማይል ነዳ፤ ወደ 345 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ክብረ ወሰኑን አላጸደቀም። ፋብሪካው ግን የጨው ሜዳውን ስም ወሰደ። ለ1959 የቀረበው ባለ ሁለት ካርቡራተር 649 ሲሲ ሞተር ቦንቪል ቲ120 ተባለ። 120ው በሰዓት ይደርስበታል የተባለው የማይል ፍጥነት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት ናቸው ዛሬ እንደ ትዝታ የሚሸጡት። ለንደን ውስጥ በሰሜናዊው ቀለበት መንገድ ዳር ኤስ ካፌ የሚባል የሾፌሮች ምግብ ቤት ነበር። ቆዳ ጃኬት የለበሱ ወጣቶች ማታ ማታ እዚያ ተሰብስበው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሙዚቃ ይሰማሉ፤ ከዚያ በሰዓት 100 ማይል ለመድረስ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ የትራያምፍን ሞተር ኖርተን በተባለው በሌላው የእንግሊዝ ፋብሪካ ቴላዮ ላይ ገጥመው ትራይተን የሚባል የራሳቸውን ሞተር ሳይክል ይሠሩ ነበር። ጋዜጦች ሲያወግዟቸው ቢል ሸርጎልድ የተባሉ ቄስ ግን ወደ ካፌው ሄደው ወጣቶቹን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የወጣቶች ክበብ ጋበዙ፤ እሳቸውም ሞተር ይነዱ ነበር። በ1969 ደግሞ ማልኮም አፕሂል የተባለ ተወዳዳሪ ማን በምትባለው ደሴት ውድድር ላይ ቦንቪል ነድቶ በአንድ ዙር በሰዓት ከ100 ማይል በላይ አማካይ ፍጥነት አስመዘገበ፤ ከሱቅ ለሚሸጥ ዓይነት ሞተር የመጀመሪያው ነበር። ጎማ ሠሪው ዳንሎፕ ጎማውን ቲቲ100 ብሎ የሰየመው ከዚህ የተነሣ ነው።

ያው 1969 የሆንዳ ሲቢ750 ገበያ የወጣበትም ዓመት ነው። አራት ፒስተን፣ በሞቶሪኖ የሚነሣ፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን ያለው፣ ዘይት የማያንጠባጥብ ነበር። የእንግሊዙ ሞተር ግን ያንጠባጥብ ነበር፤ ምክንያቱን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ሞተር የታችኛው ቤት ከመሐል በቁም የተሰነጠቀ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት መስመር ዘይቱ በሚያርፍበት ሥር ያልፋል። ጃፓኖቹ በአግድም ሰነጠቁት፤ መጋጠሚያው ከዘይቱ በላይ ሆነ። በዚያ ላይ የሜሪደን የመቁረጫ ማሽኖች አርጅተው ነበር። ያረጀ ማሽን የቆረጠውን ፊት ጥሩ ጓርኒሲዮን እንኳ አይደፍነውም። ሠራተኛው ሰነፍ ስለነበር ነው የሚያንጠባጥበው የሚል ወሬ እስከዛሬ ይወራል። እኔ ይህን አልቀበልም። ትርፉ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ አዲስ ማሽን ስላልገዛ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ሞተሬን የሸጠልኝ ሱቅ ግድግዳ ላይ የቀድሞ ተዋንያንና የእሽቅድምድም ጀግኖች ፎቶ ሞልቷል፤ የሚቀጥለው ታሪክ ግን አንድም ፎቶ የለውም።

ትራያምፍን ከ1951 ጀምሮ የያዘው ቢኤስኤ የተባለው ኩባንያ በኪሳራ ሲወድቅ በ1973 ኖርተን ቪሊየርስ ትራያምፍ የሚባል አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ዴኒስ ፑር በሴፕቴምበር 1973 ሜሪደን እንደሚዘጋ አስታወቁ። ወደ 1,750 የሚጠጉት ሠራተኞች እንቢ ብለው ፋብሪካውን ያዙ፤ በሩን ቆልፈው ተሠርቶ ያለቀውንም ሞተር አናስወጣም አሉ። አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ካምቢዮ ገጣጣሚ ሆነው እዚያ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ክረምቱን በበርሜል ውስጥ እንጨት እያነደዱ በር ላይ በፈረቃ ማደራቸውን፣ ሚስታቸው እርጉዝ ሆና ሾርባ ማመላለሷን ሲያወሩ ድምፃቸው ይጠነክራል። ያ ትግል አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። በ1974 የሠራተኛ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ የኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ቶኒ ቤን ደገፏቸው፤ ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ብድርና ድጎማ ተፈቀደ። በማርች 1975 ሜሪደን የሠራተኞቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነ። ወለል የሚጠርገውም ሞተር የሚገጥመውም እኩል ደመወዝ ይከፈላቸው ጀመር።

ማኅበሩ የወረሰው ያረጁትን ማሽኖችና ያረጀውን ንድፍ ነው። በዚያም ቢሆን ሠሩ። የአሜሪካ ሕግ ማርሹ በግራ እግር እንዲሆን ስላስገደደ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩት። በ1977 ለንግሥት ኤልሳቤጥ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ በብር ቀለም የተለበጠ ልዩ ቦንቪል አውጥተው ለሰብሳቢዎች ሸጡ፤ የቦንቪልን ትዝታ መሸጥ የተጀመረው እንግዲህ በእነርሱ እጅ ነው። በ1980 ሞቶሪኖ ጨመሩለት። የፓውንድ ዋጋ ሲወደድ ግን የአሜሪካ ሽያጭ ወደቀ፤ ዕዳውም ከበደ። በኦገስት 1983 ተዘጋ። ፋብሪካው ፈርሶ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩበት። ከመንገዶቹ አንዱ ቦንቪል፣ ሌላው ዴይቶና ይባላል።

ስሙን የገዛው ጆን ብሉር ነው፤ ከልስን ሥራ ተነሥቶ ቤት ገንቢ የሆነ ባለጸጋ። ለጥቂት ዓመታት ሌስ ሃሪስ የተባለ ሰው ዴቨን ውስጥ በፈቃድ አሮጌውን ቦንቪል እንዲሠራ ከፈቀደለት በኋላ፣ ራሱ ሂንክሊ ከተማ ላይ አዲስ ፋብሪካ ተከለ። መሐንዲሶቹ የጃፓን ፋብሪካዎችን ተዘዋውረው አዩ። በ1990 ኮሎኝ ላይ ያሳዩዋቸው ሞተሮች ባለ ሦስትና ባለ አራት ፒስተን፣ በውኃ የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ የጥንቱን መልክ አይነኩም። ይህ ትዕግሥት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚያን ጊዜ ቦንቪል ይዘው ቢመጡ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ከሥሩ ዘይት መኖር አለመኖሩን ነበር። መልኩን ቀድሞ ያመጣው ካዋሳኪ ነው፤ በ1999 ደብሊው650 የተባለ፣ የእግር ማስነሻ ጭምር ያለው ሞተር ሠራ። እሱም የራሱ ታሪክ አለው፤ የካዋሳኪ የ1966ቱ ደብሊው1 የመጣው የእንግሊዙን ቢኤስኤ ተከትሎ ከተሠራ ሞተር ነው። በ2000 ሙኒክ ላይ የሂንክሊው ቦንቪል ብቅ አለ፤ 790 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ።

የእኔ የሚመደበው ከ2016 ወዲህ ከተሠሩት ጋር ነው። ካርቡራተር የሚመስለው ነገር ካርቡራተር አይደለም፤ የጥንቱን የአማል ካርቡራተር ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ የተቀረጸ፣ ውስጡ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ነው። ራዲያተሩ ጠባብ ሆኖ ከፊት በሁለቱ የቴላዮ ብረቶች መካከል ተደብቋል። የቴስታታው ክንፎች አሁንም አሉ፤ ዋናውን የማቀዝቀዝ ሥራ የሚሠራው ግን ውኃው ነው። ፒስተኖቹም እንደ ተርነር ጊዜ አብረው አይወጡም፤ ኮሎው በ270 ዲግሪ ተቆርጧል። ስለዚህ ምቱ እኩል አይደለም፤ ደብ አድርጎ ጥቂት ያርፋል። ይህንንም አቆራረጥ ያማሃ በ1995 በቲአርኤክስ850 ላይ ይዞት ወጥቶ ነበር። ስፈታው የማገኘው እንግዲህ ከጃፓን የተወሰደ ትምህርት ነው። ጎረቤቴ ሽማግሌ ወጥተው ሲቀመጡበት ቀኝ እግራቸው ማርሹን ፈለገ። ቀጥለው ወርደው በጉልበታቸው ተንበረከኩና የሞተሩን ሥር በጣታቸው ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው። "እኛም እንዲህ መሥራት እንችል ነበር፤ ማሽኑን ቢገዙልን" አሉኝ።

ያ ፊቱን አጥቁሮ የሚሄደው ሰው ይህንን ቢሰማ እወዳለሁ። አባቴ በፎቶው ላይ ያስተማረው ግልጽነት በአዲሱ ሞተር ላይ የለም፤ ውጭ የሚታየው ሌላ፣ ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው፤ እኔም ይህ ይቆጨኛል። የጥንቱ ሞተርም ቢሆን የሚደብቀው ነገር ነበረው፤ ያረጀውን ማሽንና ያልተሰማውን ሠራተኛ። የአሁኑ ቢያንስ የጎረቤቴን ቅሬታ መልሷል።

የእኔ ሞተር የተገጣጠመው ታይላንድ፣ ቾንቡሪ ነው። ትራያምፍ እዚያ ፋብሪካዎች አሉት፤ በ2020ም አብዛኛውን ምርት ወደዚያ እንደሚያዛውር አስታውቋል። ሌላው የእንግሊዝ ሞተር ሮያል ኢንፊልድ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ከሞተ በኋላ ሕንድ ውስጥ፣ ማድራስ ላይ፣ ያለ ማቋረጥ እየተሠራ ዛሬ ላይ ደርሷል። የታይላንድ ቦንቪል ቦንቪል አይደለም የሚሉኝ አሉ። የመጀመሪያው ባለቤት ከኑረምበርግ የመጣ፣ ገበያው አሜሪካ፣ ስሙም የዩታ ጨው ሜዳ ለሆነ ሞተር ይህ ክስ አይገባኝም።

በዚህ ወር የጎረቤቴን ቃል በስልኬ መቅዳት ጀምሬያለሁ። የካምቢዮ ክፍሉን ጨርሰን ቀለም ክፍል ደርሰናል፤ በሰልባቲዮው ላይ ያለችውን ቀጭን ወርቃማ መስመር በእጃቸው ያሰምሩ የነበሩትን ሰዎች በስም በስማቸው እየጠሩልኝ ነው። ሁለቱ በሕይወት አሉ ብለውኛል፤ አንደኛው ያለው ሶሊሃል ነው፤ እሁድ በቦንቪሉ እንሄዳለን።