ከሰማይ የሚወርድ ምስል የማን ነው?



ከጠፈር የሚላክን ሥዕል በአማተር ሬዲዮ የመቀበል ታሪክ የቴክኒክ ታሪክ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን የዕውቀት ባለቤትነት ታሪክ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 አሜሪካ ያመጠቀቻት ቲሮስ 8 ሳተላይት ያነሣችውን የደመና ፎቶግራፍ ወዲያውኑ፣ ሳትመሰጥር፣ ለምድር ታሰራጭ ጀመር። አነስተኛ አንቴናና ተስማሚ መቀበያ ያለው አገር ሁሉ የራሱን ሰማይ ከላይ ማየት ቻለ። የአሠራሩ ቅለት አማተሮችንም ሳበ። ኋላ የመጡት የኖኣ ሳተላይቶች በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ምስሉን በድምፅ መልክ፣ በሰከንድ ሁለት መስመር ይልኩ ነበር፤ ተቀባዩ ድምፁን መስመር በመስመር ወደ ሥዕል ይመልሰዋል።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ዓይነት ተቀባይ ነበር። በአሥመራው የቃኘው ጣቢያ፣ ስቶንሀውስ የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 ዲያሜትራቸው 26 እና 46 ሜትር ገደማ በሆኑ ሁለት ሳህን አንቴናዎች የሶቪየት መንኮራኩሮችን መልእክት በምስጢር ያዳምጥ ነበር። ምድሩ የእኛ፣ መሣሪያው የሌላ፣ ዕውቀቱም የተዘጋ ነበር። የአማተሩ አንቴና እጅግ ያንሳል፤ የተገኘው ዕውቀት ግን ከሠራው ሰው ጋር ይቀራል።

ዛሬ አምስት ኪሎ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ፣ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም ምስሏን ወደ እንጦጦ ልካለች። ከዚህ ደረጃ መድረሳችን የሚያኮራ ቢሆንም ማዕከላዊ ጣቢያ የተማሪን እጅ አይተካም።

የመጨረሻዎቹ ሦስት የኖኣ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ አቁመዋል፤ ያ ድምፅ ከእንግዲህ በቅጂ እንጂ በሰማይ አይገኝም። የሩሲያ ሜቴዮር ሳተላይቶች ግን በዲጂታል ይልካሉ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም አልፎ አልፎ በ145.800 ሜጋኸርዝ፣ አንዱን ሥዕል በሁለት ደቂቃ ገደማ ያስተላልፋል። ምሕዋሩ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እስከ 51.6 ዲግሪ ስለሚደርስ አምቦም፣ ጊንጪም፣ ሸነንም ከመንገዱ ውጭ አይደሉም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማሳስበው ይህን ነው፦ የተቀበላችሁትን ምስል ከነጉድለቱ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስፍራውን ጽፋችሁ አኑሩት። የነገው ታሪክ ጸሐፊ ምዕራብ ሸዋ ሰማዩን ራሱ ያደምጥ እንደ ነበር የሚያውቀው ከእንዲህ ያለ ሰነድ ነው።